መጀመሪያ «አትሂዱ» ያሉት ዳኛ

የሴልማ ሰልፍ ሲነሳ ስለ ድልድዩና ስለ ማርቲን ሉተር ኪንግ እናወራለን። የአላባማው ፌዴራል ዳኛ ፍራንክ ጆንሰን ከተነሱም «ሰልፉን ፈቀዱ» ተብሎ ይታለፋል። እኔን የሚገርመኝ ግን ከመፍቀዳቸው በፊት መከልከላቸው ነው።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 7 ቀን 1965 የመምረጥ መብት የጠየቁ ጥቁር አሜሪካውያን ከአላባማ ግዛቷ ሴልማ ከተማ ወደ ግዛቱ ዋና ከተማ ሞንትጎመሪ በእግር ሲነሱ፣ ከሴልማ መውጫው ድልድይ ላይ በፖሊስ ዱላና በአስለቃሽ ጭስ ተደበደቡ። ጠበቆቻቸው ወዲያው ጆንሰን ችሎት ሄዱ። «የአላባማ ገዢ ጆርጅ ዋላስ ሰልፉን እንዳያግዱ ይታዘዝልን» አሉ። ዳኛው በጄ አላሉም። ማስረጃ ሳልሰማ አልወስንም፣ እስከዚያ እናንተም አትሂዱ አሉ። ያን ቀን እዚያ ብሆን አንጀቴ ነበር የሚያረው። ኪንግ መጋቢት 9 ሰልፈኛውን ድልድዩ ድረስ መርተው፣ ጸልየው ተመለሱ።

ከዚያ ችሎቱ ለቀናት ምስክር ሰማ። የድብደባው ፊልም ሳይቀር ታየ። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚል ሕዝብ ይህን ዳኛ ለመረዳት አይቸገርም። መጋቢት 17 ውሳኔው ወጣ። የሰልፍ መብት ስፋት የሚለካው በበደሉ ልክ ነው፤ በደሉ ደግሞ እጅግ ከባድ ነው። ስለዚህ ይሂዱ፣ ዋላስም ያስጠብቋቸው። መንገዱ በሚጠብበት ቦታ ግን ከ300 ሰው አይብለጡ። ይቺን 300 እወዳታለሁ። በዚያ ሁሉ ግርግር መሀል የመንገዱን ስፋት የሚያስብ ሰው!

ዋላስና ጆንሰን ሕግ አብረው የተማሩ ናቸው። ሁለቱም ዳኛ ሆነዋል። ልዩነቱ ወንበሩ ላይ ነው። በአላባማ የግዛቱ ዳኞች የሚቀመጡት በምርጫ ነው፤ ዋላስም ከዚያ ተነስተው ነው ገዢ የሆኑት። ጆንሰን ግን በ1955 በፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ሲሾሙ ሹመቱ የዕድሜ ልክ ነው። ደመወዛቸውም አይቀነስም። ዋላስ በምርጫ ቅስቀሳ «ዋሾ» እያሉ ቢሰድቧቸውም ሊሽሯቸው አይችሉም። ስለ ጆንሰን ድፍረት ብዙ ተብሏል፤ ስለ ወንበሩ ግን ጥቂት። እንዲህ ያለ ዳኛ የፈለገ አገር ደፋር ሰው ከመፈለጉ በፊት ወንበሩን ቢያጠብቅ ይሻለዋል ባይ ነኝ።

እርግጥ ወንበሩ ከሁሉም አያድንም። በ1956 በሞንትጎመሪ አውቶቡሶች ጥቁርና ነጭ ተለይቶ መቀመጡን ከአንድ ባልደረባቸው ጋር 2 ለ 1 ሲሽሩ ጎረቤቱ ሁሉ ፊቱን አዞረባቸው። በ1967 የእናታቸው ቤት በቦምብ ተመታ። እናትየው ተረፉ።

ዳኛው ዳኝነታቸውን ቀጠሉ። የግዛቱ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታሎች ጉዳይም መጣላቸው። ታካሚው የሚኖርበትን ሁኔታ መርምረው በ1972 ዝርዝር ትዕዛዝ ጻፉ። ከዝርዝሩ አንዱ፦ ለ8 ታካሚ አንድ ሽንት ቤት።