አልካትራዝ ከወህኒ ቤትነቱ በፊት መብራት ነበረው

በአሜሪካ፣ በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ያለችው አልካትራዝ ስትነሳ ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው እዚያ ታስሮ የነበረው ወንበዴ አል ካፖን ነው። ወህኒ ቤቱና የማምለጥ ሙከራዎቹ ሌላውን ታሪክ ሁሉ ውጠውታል። እኔን ግን የሚቆጨኝ በዚያች ትንሽ ደሴት ላይ የቆመው የመብራት ማማ መረሳቱ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከወርቅ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በ1848 ካሊፎርኒያ ውስጥ ወርቅ ሲገኝ መርከቦች ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ጎረፉ። የባሕረ ሰላጤው መግቢያ ደግሞ ጠባብ ነው፤ ጉምም ይበዛበታል። ጁን 1 ቀን 1854 አልካትራዝ ላይ መብራት በራ። በአሜሪካ የፓሲፊክ ዳርቻ የመጀመሪያው እሱ ነው። ጉም ሲወርድ መብራት ብቻውን ስለማይበቃ በ1856 ደወል ተጨመረለት።

በ1906 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የድሮውን ማማ ጎዳው። በዚያ ላይ ያኔ ደሴቷን ይዞ የነበረው የአሜሪካ ጦር ለራሱ እስረኞች ትልቅ ሕንፃ ሊሠራ ተነሳ። ሕንፃው መብራቱን ሊጋርደው ነው። ስለዚህ በ1909 ከሕንፃው በላይ የሚታይ፣ 25 ሜትር ገደማ የሚረዝም የኮንክሪት ማማ ቆመ። ዛሬ የምናየው እሱን ነው። የፌዴራል ወህኒ ቤቱ የተከፈተው በ1934 ስለሆነ፣ መብራቱ 80 ዓመት ይቀድመዋል። በ1963 ወህኒ ቤቱ ሲዘጋ፣ በዚያው ዓመት መብራቱም ያለ ጠባቂ በራሱ እንዲሠራ ተደረገ።

ከዚያ በኋላ ያለው ይበልጥ ያንገበግበኛል። በኖቬምበር 1969 የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ልጆች ደሴቷን ያዙ። የተነጠቀ መሬታቸውን ጉዳይ ዓለም እንዲሰማላቸው ነበር፤ እውነትም ነበራቸው። በ1970 መንግሥት ኤሌክትሪኩን ቆረጠ፤ የማማው መብራትም ጠፋ። ብዙም ሳይቆይ እሳት ተነስቶ የማማው ጠባቂዎች ይኖሩበት የነበረውን ቤት በላው። እሳቱን ማን እንዳስነሳው ሁለቱ ወገኖች ተካሰሱ።

በጃንዋሪ 1971 ሁለት ነዳጅ ጫኝ መርከቦች በከባድ ጉም ውስጥ ጎልደን ጌት ድልድይ አጠገብ ተጋጩ። ነዳጁ ውኃው ላይ ፈሰሰ። የአልካትራዝ መብራት አለመኖር ለግጭቱ ምክንያት እንዳልነበረ ታምኖበታል። ቢሆንም አደጋው ሰዎቹን ከደሴቷ ለማስወጣት መንግሥትን ገፋፋው፤ በጁን 1971 አስወጣቸው። መርከበኛን እንዲጠብቅ የተሠራ መብራት ሰው ማባረሪያ ሰበብ ሲሆን ማየት ያማል። ይህን ደግሞ አልካትራዝን ሲያስቡ የሚያነሱት ጥቂቶች ናቸው።

አሁን በዓመት ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው ደሴቷን ይጎበኛል። ማማው የሚገኘው እስረኞቹ ከነበሩበት ሕንፃ አጠገብ ነው፤ መብራቱም ዛሬ ይሠራል። አስጎብኚዎች ትረካቸውን ከ1854 ቢጀምሩ ምን ይጎዳል? የአል ካፖን ክፍል የትም አይሄድም። መጀመሪያ ማማው ሥር ይቁሙ፤ ስለ ጉሙ፣ ስለ ደወሉ፣ ስለ 1971 ግጭትና ስለተባረሩት ሰዎች ይንገሩ። ወደ ወህኒ ቤቱ ከዚያ በኋላ ይግቡ።