እርማት፦ ወደ ኮትሊን ለመሻገር ጃቫውን መጣል አያስፈልግም

ወንድሜ፣ ስለ ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋዎቹ ስለ ጃቫና ስለ ኮትሊን ስታነሣ «ኮትሊን ለመጀመር የቆየው የጃቫ ኮድ በሙሉ ተጥሎ እንደ አዲስ መጻፍ አለበት» ብለሃል። ይህ ብዙዎች የሚደጋግሙት ስህተት ነው፤ ጀማሪዎችን ገና ከመነሻው ስለሚያስፈራ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

ጄትብሬይንስ የተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 ይፋ ያደረገው ኮትሊን ሲጀመርም ከጃቫ ጋር አብሮ እንዲኖር ታስቦ የተሠራ ነው። ሁለቱም ባይትኮድ ወደሚባል መካከለኛ ኮድ ተተርጉመው፣ ይህን ኮድ በሚያስኬደው በአንድ የጃቫ ቨርቹዋል ማሽን ላይ ይሠራሉ። የኮትሊን ክላስ (መረጃንና ተግባርን አንድ ላይ የሚይዝ የኮድ ክፍል) የጃቫን ክላስ ይወርሳል፤ የጃቫው ኮድም የኮትሊኑን ይጠራል።

እኛ ቱሉ ዲምቱ ላይ ለአንድ የግንባታ ዕቃ መደብር የሠራነውን የሽያጭ ፕሮግራም ያሻገርነው ፋይል በፋይል ነው። መጀመሪያ የቀየርነው የደንበኞችን መዝገብ ነበር፤ ስልክ ያላስመዘገበ ደንበኛ በመጣ ቁጥር ፕሮግራሙ ደረሰኝ ሊያትም ሲል ቀጥ ይል ነበርና። በኮትሊን የጽሑፍ እሴት ዓይነት ከሆነው ከ«ስትሪንግ» ኋላ የጥያቄ ምልክት ካላደረግህ ያ ቦታ ነል የሚባለውን ባዶ እሴት አይቀበልም። ምልክቱን ካደረግህ ደግሞ ባዶ አለመሆኑን ሳታረጋግጥ ልጠቀምበት ብትል ኮዱን የሚተረጉመው ፕሮግራም፣ ኮምፓይለሩ፣ አያሳልፍህም። ስንት ሌሊት ያስቀመጠን ጥፋት በአንዲት ምልክት ተዘጋ! የሲሚንቶና የብረት ዋጋ የሚያሰላው ክፍል ግን ዛሬም ጃቫ ነው። በትክክል እየሠራ ለምን እንነካዋለን?

አንድ ነገር ግን አደራ፦ ከጃቫ በኩል የሚመጣ እሴት አኖቴሽን (ነል መሆን መቻሉን የሚገልጽ ማስታወሻ) ካልተደረገበት ነል ይሁን አይሁን ኮምፓይለሩ አያውቅም። ሁለቱ ቋንቋዎች በሚገናኙበት ድንበር ላይ ራስህ ፈትሽ።