ክርክር፦ የቅርስ መዝገብ ሳይታይ የግንባታ ፈቃድ ይሰጥ ወይስ አይሰጥ?

ቦታው ባሕር ዳርና ጣና ዳር ነው። መዝገቡ ማለት ቅርስ የት የት እንዳለ ሚያሳይ ዝርዝርና ካርታ ነው። «አይሰጥ» የምትለው ከተማ ፕላን ላይ ምትሠራ ልጅ ናት፣ «ይሰጥ» ባዩ የሳይት መሃንዲስ።

ፕላነሯ፦
ሰው ቅርስ ሲባል ገዳም ብቻ ነው ሚታየው፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ ናርጋ ሥላሴ፣ ክብራን ገብርኤል፣ በቃ። እነሱማ ቆመው ይታያሉ፣ ጊዮርጊስ ግቢ ያለውን የፔድሮ ፓኤዝ (የ17ኛው ክፍለ ዘመን ስፔናዊ ሚሲዮናዊ) ሚባለውን የድንጋይ ቤትም ማንም በስህተት ዶዘር አይነዳበትም። ከብራናውም ቢሆን የተወሰነውን ሐመርሽሚት ሚባል ጀርመናዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በማይክሮፊልም አንስቶታል። መዝገብ የሌለው አፈር ውስጥ ያለው ነው። ጎርጎራ ዋሻ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጀመሪያ ተቆፍሮ የድንጋይ ዘመን መሣሪያ ወጥቷል እኮ፣ ታዲያ ያ ሰው ጎርጎራ ብቻ ነው የኖረው፣ ወደዚህ ሲመጣ መንገድ ጠፋው? የሸክላ ስባሪ፣ የመሠረት ድንጋይ፣ አመድ ለኦፕሬተር ቆሻሻ ነው ሚመስለው። ሊዙ ከተከፈለ በኋላ ደግሞ ቅርስ አለ ብትል ማን ይሰማሃል፣ ስለዚህ መዝገቡ ፕላን ሲወጣ ጀምሮ ጠረጴዛ ላይ ይኑር ነው ምለው።

መሃንዲሱ፦
እህትዓለም ህግ እኮ አለ። የቅርስ አዋጁ፣ ቁጥር 209/1992፣ ስትቆፍር ድንገት ቅርስ ካገኘህ ለቅርስ ባለሥልጣኑ ቶሎ አሳውቅ፣ እስኪረከቡህ እንዳለ ጠብቀህ አቆየው ይላል፣ በስድስት ወር ውስጥ ምንም ካልተደረገ ለክልሉ በጽሁፍ አሳውቀህ ከኃላፊነት ነጻ ትወጣለህ። ስድስት ወር! ኤክስካቫተሩ በሰዓት እየተከራየ፣ ቀን ሠራተኛው ቆሞ። አንድ ሳይት ላይ የጋን አፍ ብቅ ሲል ፎርማኑ «አልብሱት» አለ፣ አፈር መልሱበት ማለቱ ነው፣ አለበሱት፣ ሰውዬው ክፉ ሆኖ አይደለም። አሁን አንቺ ሌላ ማህተም ልትጨምሪበት ነው፣ አርኪኦሎጂስት የሌለው ቢሮ ምን አይቶ ይፈርማል? ደግሞ ቦታውን ጽፎ ማስቀመጥ ለሌባ አድራሻ መስጠት ነው። የጣና ንዋየ ቅድሳት የተረፈው መነኮሳቱ ዕቃ ቤቱን ስለቆለፉ እንጂ ቢሮ ስለመዘገበው አይደለም።

ፕላነሯ፦
«አልብሱት» ያልከው እኮ የኔን ነገር ጨረሰልኝ። ፎርማኑ የደበቀው ወሬው የመጣው ኪራይ መቆጠር ከጀመረ በኋላ ስለሆነ ነው። ቀድሞ ካርታው ላይ ቢኖር ቦታው ለፓርክ ይመደባል፣ ወይ መሠረቱ ይቀየራል፣ ኮንትራክተሩም ዋጋ ሲሞላ አውቆት ይገባል። የሌባው ነገር እውነት ነው፣ ለዛ ማዘጋጃ ቤቱ ጋ ካርታ ላይ ቀለም የተቀባ ሰፈር ብቻ ይቀመጥ፣ ነጥቡን ሚያሳየው ትክክለኛው ኮርዲኔት ቅርስ ክፍል ተቆልፎበት። መስቀል ተሰርቆ ኤርፖርት ላይ ቢያዝስ፣ ፎቶና ልኬት ከሌለህ በምን ታስመልሰዋለህ? አዋጁ የተከለለ የቅርስ ቦታ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ይታወጃል ይላል፣ እሺ፣ የት እንደሆነ ሳይመዘገብ ምኑን ይከልሉታል።

መሃንዲሱ፦
ቀለም ያልተቀባውስ? እኔን ሚያስፈራኝ እሱ ነው። ባዶ የሆነው ማንም ስላልዞረበት ነው፣ ኮንትራክተሩ ግን «መዝገቡ ነጻ ብሎኛል» ብሎ ይገለብጠዋል፣ አሁን ቢያንስ ትንሽ ይፈራል። ሐይቁ ሲሸሽ ገበሬው ዳር ዳሩን እየተከተለ ያርሳል፣ እዛ ደግሞ ፈቃድ ሚባል ነገር የለም፣ መዝገብሽ ሞፈርና ቀንበር ያስቆማል?

ፕላነሯ፦
አያስቆምም፣ እንዲያስቆምም አልፈልግ። እንደውም ሸክላው ከአፈሩ ላይ ሚወጣው ሲታረስ ነው፣ ባለሙያ ማሳውን በእግሩ ሚያስሰው ያኔ ነው፣ ከገበሬው በላይ ደግሞ ቦታውን ማን ያውቃል። ስለ ባዶው ልክ ነህ፣ ስለዚህ «ታይቶ ምንም የለም» እና «ገና አልታየም» በአንድ ቀለም አይቀመጡ። ገና ያልታየው ላይ ከመቆፈሩ በፊት ሰው ሄዶ ይየው፣ ላንድ ተራ ግቢ ካንድ ቀን በላይ አይፈጅም።

መሃንዲሱ፦
በማን ብር? 200 ካሬ ላይ ቤት ሚሠራ መምህር ይክፈል ካልሽ አልስማማም፣ ሞቼ እገኛለሁ። መንገድ፣ ሆቴል፣ ሪልስቴት ከሆነ የአካባቢ ተፅዕኖ ጥናቱን እንደሚያስጠኑት ከፕሮጀክቱ ባጀት ይውጣ፣ እሱ ላይ እፈርማለሁ። ግን ያ አንድ ቀን ሄዶ ሚያየው ሰው የትኛው ቢሮ ነው ያለው፣ ደብዳቤ ስንጽፍለትስ በሳምንቱ ይመጣል ወይስ እንደገና ስድስት ወር?