እርማት፦ ተርባይን መሬት አያናውጥም፣ የመንቀጥቀጥ መለኪያ መሳሪያን ግን ይረብሻል

ወንድምዓለም፣ ጮቄ ተራራ ላይ የንፋስ ተርባይን ቢተከል ደብረ ማርቆስ ድረስ የመሬት መንቀጥቀጥ ያመጣል ያልከው ልክ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. የፈንታሌውን መንቀጥቀጥ ያመጣው ከስር የገባ ማግማ (የቀለጠ አለት) እንጂ የአዳማ ተርባይን አይደለም። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ክንፉ ሲዞር ማማው ይርገበገብና ንዝረቱ በመሰረቱ በኩል መሬት ገብቶ ኪሎሜትሮች ይሄዳል፣ ለሰው አይሰማውም ሳይስሞሜትር (የመሬት ንዝረት መለኪያው) ግን ይሰማዋል፣ እና ትንንሾቹ መንቀጥቀጦች በጫጫታው ይዋጣሉ፣ ሰርግ ቤት ስልክ እንደማውራት በለው። ስኮትላንድ ኤስክዴልሙር የኒውክሌር ሙከራ የሚያዳምጥ ጣቢያ ስላለ እስከ 50 ኪሎሜትር ዙሪያ ተርባይን ለመትከል ገደብ አለበት (እኛ ገና እዛ አልደረስንም)። መፍትሄው ሳይስሞሜትሩን መሬት ውስጥ መቅበር ነው ላልከው ደግሞ፣ ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም፣ በሰከንድ አንዴ ገደማ የሚወዛወዘው ሞገድ ርዝመቱ ከኪሎሜትር ስለሚያልፍ 100 ሜትር ጉድጓድ ብዙም አይቀንሰውም።