የተቆረጠ ኬብል የሚገዛም ከሌባው አይለይም

ወገኖቼ ሆይ፣ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ ብዙ ሰው ያጠራቀመውን አሟጦ፣ ያልሞላለትንም ተበድሮ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቷል። ከእነዚህ መካከል ሌሊት ቻርጅ ካላደረገ በማግስቱ ለልጆቹ የሚያቀርበው የሌለው የታክሲ ሹፌር አለ። የእርሱን መኪና ቻርጅ የሚያደርገውን ኬብል ሊሰርቅ የሚቆርጥ ሰው የአንድ ቤተሰብ እንጀራ እንደሚቆርጥ ይወቅ።

ሌባው የሚፈልገው በኬብሉ ውስጥ ያለውን መዳብ ነው። መዳቡ በኪሎ ተሸጦ የሚያስገኘው ገንዘብ ግን ከጉዳቱ ጋር ፈጽሞ አይመጣጠንም፤ የፈጣን ቻርጀር ወፍራም ኬብል ከነመሰኪያው በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ የሚመጣ በመሆኑ፣ ምትኩ እስኪደርስ ድረስ ቻርጀሩ ሥራ ፈትቶ ይቆማል። ከቆጣሪ ተስቦ በኮንዶሚኒየም ግቢ የተዘረጋ ገመድ ሲቆረጥማ ነገሩ ይከፋል፤ ኃይል ያለበት ጫፍ ሕፃናት በሚሯሯጡበት መሬት ላይ ሊቀር ይችላልና።

ተግሣጼ ግን ከቆራጩ ይልቅ በገዢው ላይ ይበረታል። የስልክ ሽቦና የከፍተኛ ኃይል ማስተላለፊያ ምሰሶ ብረት ለዓመታት ሲሰረቅ የኖረው የሚረከብ ሰው ስላልጠፋ ነው። እናንተ የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴዎች፣ ላስቲኩ በእሳት ተቃጥሎ የወጣለት፣ ጥላሸቱ ገና ያልለቀቀ መዳብ ተሸክሞ በጨለማ የመጣን ወጣት «ከየት አመጣኸው?» ሳትሉ ሚዛን የምታቀርቡለት መልሱን ስለምታውቁት ነው። አዋጅ ቁጥር 464/1997 በኤሌክትሪክ አውታር ላይ ሆን ብሎ ጉዳት የሚያደርስን ሰው ከ5 እስከ 20 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ የሚገዛውንም የወንጀል ሕጉ አይምረውም። ያገለገለ ቻርጀር ያለ ደረሰኝ በርካሽ የምትገዙ ባለመኪናዎችም፣ ነገ የእናንተው የሚሰረቅበትን ገበያ እያቆማችሁ ነው።

ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ለሕዳሴ ግድብ ቦንድ የገዛ ሕዝብ፣ ያ ሁሉ ኃይል ከዓባይ ተነሥቶ መኪናው አጠገብ ከደረሰ በኋላ በመጨረሻዎቹ ጥቂት ሜትሮች ላይ በገዛ ወገኑ እጅ ሲቆረጥበት ማየት ያሳዝናል፤ ያሳፍራልም።

ስለዚህ ተንቀሳቃሽ ቻርጀር ያላችሁ ሌሊቱን ሙሉ ውጭ አትተዉት፤ መለያ ቁጥሩን መዝግባችሁ ያዙ። የቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ የምታስተዳድሩም መብራትና ካሜራ ብቻ ይበቃል ብላችሁ በጥበቃ ሠራተኛ ደመወዝ አትቆጥቡ። ጎረቤቶችም በውድቅት ሌሊት መቁረጫ ይዞ ከቻርጀር ሥር የተንበረከከ ሰው ስታዩ፣ መኪናው የእኔ አይደለም ብላችሁ መጋረጃ አትዝጉ፤ ለፖሊስ ደውሉ።