የሠርጉን ቀን የእናት ፓስፖርት ይቁረጠው

በግሪክ ደሴት በሳንቶሪኒ ላይ ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲሆን ቨርጂኒያ ላይ ከረፋዱ 5 ሰዓት ነው። ባለፈው ዓመት በተገኘሁበት የአንዲት ዘመዴ ሠርግ ላይ፣ ሙሽሮቹ ቀለበት ሲያደርጉ አንዷ ሚዜ ስልኳን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ይዛ ነበር። በስልኩ ውስጥ የሙሽራዋ እናት የሐበሻ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከማእድ ቤታቸው ጠረጴዛ ፊት ተቀምጠዋል። እልልታቸው እኛ ዘንድ የደረሰው እኛ እልል ብለን ከጨረስን በኋላ ነበር።

እናትየው የቀሩት ታመውም፣ ገንዘብ ቸግሯቸውም አይደለም። በአሜሪካ ለረጅም ዓመታት የኖሩት በግሪን ካርድ ሲሆን ፓስፖርታቸው ግን የኢትዮጵያ ነው፤ ቤተሰቡም ግሪን ካርዱ ግሪክ ያስገባል ብሎ ተዘናግቶ ነበር። ግሪን ካርድ ባለቤቱ ወደሚኖርበት አገር እንደሚመለስ ለማስረዳት ይጠቅም ይሆናል እንጂ ግሪክን ጨምሮ ወደ አብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች የሚያስገባውን የሸንገን ቪዛን አይተካም። ይህ የታወቀው ለሠርጉ አምስት ሳምንት ሲቀረው ነው፤ የተገኘው የመጀመሪያ የቪዛ ቀጠሮ ደግሞ ከሠርጉ ቀን በኋላ የሚውል ነበር።

በአገራችን ልማድ ቀን የሚቆረጠው የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ተቀምጠው ጾሙን፣ ዝናቡን፣ የመኸሩን ሥራና ከሩቅ የሚመጣውን ዘመድ ካሰሉ በኋላ ነው። በደሴት ሠርግ ግን ብዙውን ጊዜ ቀኑን የሚቆርጡት የሆቴሉ ሰገነት ክፍት የሚሆንበት ቅዳሜና የፎቶ አንሺው ቀጠሮ ናቸው፤ ዕድምተኛው የሚታሰበው የጥሪው ካርድ ከታተመ በኋላ ነው። ልጆቻችን ግሪክን መምረጣቸውን አልነቅፍም፤ ባሕሩንና ነጫጭ ቤቶቹን አይቶ ልቡ የማይሸፍት የለም። የምሟገተው ስለ ቅደም ተከተሉ ነው፦ ቀኑ መቆረጥ ያለበት መንገዱ ከሁሉ ከሚከብደው ዕድምተኛ ተነሥቶ ወደ ኋላ በመቁጠር ነው።

ቁጥሩ ራሱ አስቸጋሪ አይደለም። የአሜሪካና የእስራኤል ፓስፖርት የያዘ እንግዳ ለአጭር ቆይታ ቪዛ አያስፈልገውም። ከአዲስ አበባ፣ ከዱባይ ወይም ከሪያድ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚመጣው ግን ያስፈልገዋል፤ ማመልከቻውም ከጉዞው ቀደም ብሎ እስከ 6 ወር ድረስ ሊገባ ይችላል። በተለመደው አሠራር ውሳኔው በ15 ቀናት ውስጥ ይሰጥ የነበረ ቢሆንም፣ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ለኢትዮጵያውያን አመልካቾች ይህን ወደ 45 ቀናት አራዝሞታል። በዚህ ላይ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና መድን፣ የባንክ መግለጫ፣ የማረፊያ ማስረጃና የጥሪ ደብዳቤ ሲጨመር፣ ለእናትና ለአባት ከስድስት ወር በፊት መነሣት ጥንቃቄ የበዛበት ሰው ነገር ሳይሆን ልኩ ነው። ፎቶ አንሺው ከዓመት በፊት ቀብድ ተቀብሎ ሳለ የእናት ቪዛ ለመጨረሻዎቹ ሳምንታት የሚተውበት ምክንያት ሊገባኝ አልቻለም።

ቪዛው ከተገኘም በኋላ ባሕሩ አለ። ከአቴንስ እስከ ሳንቶሪኒ በአውሮፕላን ከአንድ ሰዓት ያነሰ መንገድ ሲሆን፣ ከአቴንስ ወደብ ከፒሬየስ የሚነሣው ፈጣን መርከብ አምስት ሰዓት ገደማ፣ ትልቁና ዘገምተኛው መርከብ ደግሞ ስምንት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። በሐምሌና በነሐሴ፣ እኛ ዘንድ ክረምት እዚያ ግን በጋ ሲሆን፣ በኤጂያን ባሕር ላይ መልቴሚ የሚሉት የሰሜን ነፋስ ለቀናት ሳያቋርጥ ሊነፍስ ይችላል፤ ሲበረታም የወደቡ ባለሥልጣን መርከቦች እንዳይነሡ ያግዳል። እኔና ዘጠኝ ሰዎች ከነሻንጣችን፣ ከነከበሯችን፣ አንድ ሙሉ ቀን ፒሬየስ ላይ ተቀምጠናል። ለመድረስ የቻልነው የሙሽራው ታላቅ ወንድም ቲኬታችንን ለሠርጉ ዋዜማ ሳይሆን ሁለት ቀን ቀደም አድርጎ ስለቆረጠልን ብቻ ነው። ትልቁን መርከብ የመረጠልንም እሱ ነው፤ ቀላሎቹ ፈጣን መርከቦች በማዕበል ከመናወጣቸውም ሌላ ጉዟቸው ቀድሞ የሚሰረዘው የእነርሱ ነው።

ነሐሴን በሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። የፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ ማለትም በአውሮፓውያኑ ከኦገስት 7 እስከ 21 ይውላል። ግሪኮቹ ደግሞ የእመቤታችንን በዓል በእነርሱ አቆጣጠር ኦገስት 15 ስለሚያከብሩ፣ በዚያ ሰሞን ከአቴንስ ወደ ደሴቶቹ የሚሄደው ሕዝብ መርከቡን ሁሉ ይሞላዋል። እንግዲህ በዚህ ሰሞን የሚደገስ ሠርግ ቲኬት የማይገኝበት፣ አገልጋዩ በበዓል የተጠመደበት፣ ጿሚው ዘመድም ጥብሱን እያየ ሰላጣ የሚበላበት ድግስ ነው። መስከረምን የሚያህል ጊዜ የለም፤ ባሕሩ ገና ሞቃት ነው፣ ነፋሱም ብዙውን ጊዜ ጋብ ይላል፣ የሆቴሉም ዋጋ ዝቅ ይላል።

ስለ ወጪው ማን ይሸፍን ክርክር አልገባም፤ ነገር ግን ይህን ሁሉ መንገድ ከመጣ ዕድምተኛ ሌላ ስጦታ መጠበቅ ነውር ነው።

የመጨረሻው ነገር ደረጃው ነው። ሠርጉ የተደረገባት፣ ኢያ የምትባለው የሳንቶሪኒ መንደር የተሠራችው በገደል አፋፍ ላይ ነው፤ መኪና ከመንደሩ ዳር ቆሞ ሰውን ያወርዳል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ጠባብ መተላለፊያና ደረጃ ነው። ይህን ለአረጋውያኑ ማንም አስቀድሞ አልነገራቸውም። ሰባዎቹን ያለፉት አክስቴ በአዲስ ባለ ተረከዝ ጫማ መጥተው፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው በካልሲ ብቻ ሲወጡ፣ በየማረፊያው እየቆሙ «ልጄ፣ ሠርጉ ከላይ ነው ከታች?» ይሉኝ ነበር። ሰው ሁሉ ወደ ባሕሩ ዞሮ ፎቶ ሲነሣ እሳቸው ፊታቸውን ወደ ላይ አድርገው የቀረውን ደረጃ ይቆጥራሉ።