በረንዳ ምን በደላችሁ ግን?

አረ ሰው ዛሬስ ልተንፍስበት! ከአራዳ ጊዮርጊስ ቁልቁል እየወረድኩ ዝናቡ ወረደብኝ፣ የነሐሴን ዝናብ ታውቁት የለ፣ ሮጬ አንዱ አዲስ ህንፃ ስር ልጠጋ ስል መስታወቱ ከላይ እስከ ታች ልሙጥ፣ እንደ እንሽላሊት ካልተለጠፍክበት በቀር አንድ ክንድ መጠለያ የለውም፣ በሩ ጋ ልቁም ስል ጥበቃው "ወንድም እዚህ መቆም አይቻልም" አለኝ። እሺ የት ልቁም? ማዶም ያው መስታወት ነው!

ፒያሳ እኮ ድሮ ዝናብ ሲመጣ ማንም አይሯሯጥም ነበር። አርመንና ህንድ ግንበኞች እጃቸው ያለባቸው እነዛ የእንጨት በረንዳ ያላቸው ቤቶች ፎቃቸው ወደ መንገዱ ወጣ ስለሚል ሊስትሮውም ሎተሪ አዟሪውም እኔም ከስሩ ነን፣ ሂድ የሚልህ የለም። ጣይቱ ሆቴልን እዩት፣ በ1898 ዓ.ም. የተሠራ፣ በ2007 እሳት ጎድቶት እንኳ በረንዳው ላይ ቁጭ ካልክ ፀሐይም ዝናብም አያገኝህም።

(አሮጌ ሁሉ አይነካ እያልኩ አይደለም ደግሞ። በ2016 የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ሲፈርስ ከልቤ አዝኛለሁ፣ ግን ጣሪያ እያፈሰሰ ባልዲ ሲደረድር ያደረን ሰው "ቅርስህ እኮ ነው" ብትለው ይስቅብሃል።)

ከዝናቡ የባሰው መሥሪያ ቤቴ ነው። 7ኛ ፎቅ፣ ፊቱ ወደ ምዕራብ፣ ሙሉ መስታወት። በጋ ላይ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ዳቦ ይጋገርበታል ብል አልዋሸሁም፣ መስኮቱ የሚከፈተው አንድ መዳፍ ብቻ፣ ኤሲው ከተበላሸ ቆየ፣ ስለዚህ ምን አደረግን መሰላችሁ፣ ካርቶን በፕላስተር መስታወቱ ላይ ለጥፈን በቀን መብራት አብርተን እንሠራለን! ብርሃን እንዲገባ ተብሎ በመስታወት ተሠራ፣ እኛ በካርቶን ደፈንነው። ከባህር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ያለ፣ መስኮት ከፈት ማድረግ የሚበቃው ከተማ እኮ ነው፣ ሙቀቱን በገንዘባችን ገዝተን አመጣነው። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፣ ከፍ ያለ ኮርኒስ፣ ሰፊ የጣሪያ ክፈፍ፣ ይሄ ሁሉ እዚሁ አጠገባችን ቆሞ ሲታይ አንድ አርክቴክት ቀና ብሎ አላየም? ፎቁ ይርዘም፣ ግድ የለኝም፣ የንግድ ባንክን 209 ሜትር ከሩቅ ሳየው እኔም ደስ ይለኛል፣ ግን ከታች ሰው እንዳለ ማሰብ ስንት ሲሚንቶ ይፈጃል?

ዛሬ ጠዋት በዛው በር አለፍኩ። ያ ጥበቃ የቢራ ጃንጥላ በሩ ላይ ተክሎ ከስሩ ቁጭ ብሏል።